የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያና የፍለጋ ቦታ መረጣ በእንግሊዝ

የብረታ ብረት መፈለጊያ በአፈር የተሸፈነ ሳንቲም፣ ዘለበት፣ የልብስ ቁልፍና ጌጣጌጥ የሚጠቁም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ጥቅል ሽቦው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ብረት ሲገጥመው መስኩ ይለወጣል፤ ፈላጊውም በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ይሰማል።

አመጣጥ

ፈልሳፊው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም መስጠት ያስቸግራል። ጌርሃርድ ፊሸር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አግኝቶበታል፤ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው የፈንጂ መፈለጊያ ደግሞ በ1942 በኤል አላሜን ውጊያ አገልግሏል። ከሁሉም በፊት የሚነሳው ግን አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። ቤል በ1881 በጥይት የቆሰሉትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን በመሣሪያው መርምሮ ጥይቱን ሳያገኝ ቀርቷል። የአልጋው ብረት ድምፁን እንዳዛባበት በሰፊው ይነገራል። ሆኖም ሐኪማቸው ጥይቱ በቀኝ በኩል አለ ብለው አምነው ስለነበር ፍተሻው በዚያው ጎን ተወስኖ ነበር፤ አስከሬኑ ሲመረመር ጥይቱ የተገኘው በግራ ነው። በዚህ መጣጥፍ አመለካከት የፍለጋው ዋና ችግር ያኔም ዛሬም የመሣሪያው ጥራት ሳይሆን የቦታው ምርጫ ነው።

የቦታ መረጣ

በእንግሊዝ አብዛኛው ግኝት የሚወጣው ከታረሰ መሬት ነው። ተራ መሣሪያ አንድን ትንሽ ሳንቲም የሚሰማው አንድ ስንዝር ገደማ ድረስ ስለሆነ፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ የሚያወጣለት ማረሻው ነው። ዓምና ባዶ የነበረ ማሳ ዘንድሮ ሊሰጥ የሚችለውም ለዚህ ነው። ከማሳው በፊት ግን ካርታ ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎች ላይ ዛሬ የጠፉ የእግር መንገዶች፣ የወንዝ መሻገሪያዎችና የፈረሱ ቤቶች ይታያሉ፤ ሰው ሲመላለስበት የኖረ ቦታ ደግሞ ከኪስና ከቀበቶ የሚወድቅ ነገር አያጣም። ማሳው ላይ ሲደረስ ዝናብ ያጠበው የሸክላ ስብርባሪ፣ ከባሕር ርቆ የተገኘ የኦይስተር ቅርፊት ወይም ከዙሪያው የጠቆረ አፈር የቀድሞ መኖሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ዕድል ያፈርሰዋል የሚሉ አሉ። በ1992 በሰፎክ ግዛት ሆክስን የተገኘው ወደ 15,000 የሚጠጋ የሮማ ሳንቲም የወጣው የጠፋ መዶሻ ሲፈለግ ነው። መቃወሚያው ተገቢ ነው፤ ግን የተደበቀና የወደቀ ንብረት ለየቅል ናቸው። ሀብቱን የቀበረ ሰው እንዳይገኝበት አስቦ ስለሚመርጥ ቦታውን መገመት ይከብዳል፤ የወደቀ ሳንቲም ግን የሰውን እግር ይከተላል። የተደበቀው እንኳ ሁልጊዜ ከመንገድ የራቀ አይደለም፤ በ2009 ወደ 4 ኪሎ ወርቅ የተገኘበት የስታፈርድሸር ማሳ ዋትሊንግ ስትሪት ከሚባለው የሮማውያን መንገድ አጠገብ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል። ከ1997 ጀምሮ ግኝቶችን የሚመዘግበው ብሔራዊ መርሐ ግብር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች መዝግቧል፤ ታዲያ በካርታ ላይ የግኝቶቹ ነጥቦች ወደተከማቹበት መሄድ አይበቃም? አይበቃም። ነጥቦቹ የጥንት ሰዎች የት እንደኖሩ ብቻ ሳይሆን የዛሬ ፈላጊዎች የት እንደተፈቀደላቸው፣ የትኛው መሬት እንደሚታረስም ያሳያሉ። ደንና የግጦሽ መስክ በካርታው ላይ ባዶ ሆነው የሚታዩት ስላልተፈለጉም ሊሆን ይችላል።

ሕግ

የባለ መሬቱ ፈቃድ ግዴታ ነው። በ1979 ሕግ በተጠበቁ ታሪካዊ ቦታዎች ላይ ያለ ፈቃድ መፈለግ ወንጀል ነው። በ1996 ሕግ ደግሞ የከበረ ግኝት በ14 ቀናት ውስጥ መገለጽ አለበት። የሆክስኑ ፈላጊ ቁፋሮውን አቁሞ ባለሙያ በማስጠራቱ፣ ሳንቲሞቹ የነበሩበት የእንጨት ሣጥን ርዝራዥ በነበረበት ቦታ ላይ እንዳለ ሊመዘገብ ችሏል።