ከአሊ ሳቢህ የተነሣው ሯጭና የእኛው በላይነህ

የዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ዝግጅት ሲጀመር ከጽሑፎቹ አንዱ ስለ ታላቅ የስፖርት ሰው እንዲሆን ታሰበ። ወጣቶቻችን ወዲያው የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ስም መጥራት ጀመሩ። ቁጥር 23 የተጻፈበትን ከነቴራ እኛው ራሳችን በሱቃችን ሰቅለን ስንሸጥ ስለኖርን አልፈረድንባቸውም። ነገር ግን ሥራውን ጨርሶ ያረፈ፣ በዓለም ፊት የታወቀ ስፖርተኛ ከተፈለገ አትላንቲክን መሻገር ምን ያስፈልጋል? ከዚህ ከካርቲየ 7 ቢስ ተነሥቶ በመኪና መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከሚደረስበት ከተማ የተወለደ ሰው አለ። ታሪኩም ከእኛ ታሪክ ጋር በአንድ ቦታ ላይ ተሳስሮአል። የዘመኑን ቁጥር እዚህ በምንኖርበት ሀገር ልማድ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆነውን ለይተን እናመለክታለን።

ሁሴን አሕመድ ሳላህ ይባላል። የውጭ ጋዜጦች አሳጥረው አሕመድ ሳላህ ይሉታል። የተወለደው በታኅሣሥ 31 ቀን 1956 በአሊ ሳቢህ ነው። አሊ ሳቢህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ በጅቡቲ የለም። በ1897 ከዚህ ወደብ መሠራት ጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ደወሌን አልፎ ወደ ጅቡቲ ምድር ሲዘልቅ የሚያገኘው ትልቅ ከተማ እሱ ነው። ከእኛ መካከል በባቡር የመጣ ሁሉ፣ ወረቀት ኖሮትም ሳይኖረውም፣ በዚያ ጣቢያ ልቡ ሳይመታ አላለፈም። ደረቅና ተራራማ አገር ነው። ከጠረፉ ትንሽ ነፋስ ይሻለዋል እንጂ ፀሐዩ ያው የጅቡቲ ፀሐይ ነው።

ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በሰኔ 27 ቀን 1977 ነው። በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1984 በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ የላከቻቸው ሦስት ሰዎች ሦስቱም የማራቶን ሯጮች ነበሩ። ጃማ ሮብሌ 8ኛ፣ ሳላህ 20ኛ ወጡ። ያን ጊዜ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ያልሞላ ሀገር ከስምንቱ ውስጥ ስትገባ ብዙዎች በአጋጣሚ ነው ብለው አለፉት። በዓመቱ ግን አጋጣሚ አለመሆኑ ታየ። በሚያዝያ 14 ቀን 1985 በጃፓን በሂሮሺማ ከተማ የዓለም የማራቶን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ሳላህ በ2 ሰዓት ከ08 ደቂቃ ከ09 ሰከንድ አንደኛ ወጣ፤ ሮብሌ ሦስተኛ ሆነ፤ በወንዶች የቡድኑንም ድል ጅቡቲ ወሰደች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በዚያ ቀን የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የእንግሊዙ ስቲቭ ጆንስ በ1984 በቺካጎ የሮጠው 2 ሰዓት ከ08 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ነበር። ሳላህ ክብረ ወሰኑን ያጣው በአራት ሰከንድ ነው። አራት ሰከንድ ማለት አንድ ደንበኛ ሱቃችን ገብቶ ሰላምታ እስኪሰጠን ያለው ጊዜ ነው። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በሆላንድ ሀገር በሮተርዳም 2 ሰዓት ከ07 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰኑን እጅግ ዝቅ አደረገው። እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ በአእምሮው ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ከዚያ በኋላ ሳላህ በ1986 የፓሪስን ማራቶን አሸነፈ። በ1987 ሁለተኛው የዓለም የማራቶን ዋንጫ በሴኡል ሲደረግ ዳግመኛ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በሮም በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ኬንያዊው ዳግላስ ዋኪዩሪ ቀድሞት የብር ሜዳልያ አገኘ።

አሁን ወደ እኛው ሰው እንምጣ። በላይነህ ዴንሳሞ የተወለደው በ1957 በሲዳማ ምድር ነው። ከሳላህ የሚያንሰው በጥቂት ወራት ብቻ ነው ማለት ነው። በ1987 የሮተርዳምን ማራቶን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በናይሮቢ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ የማራቶኑን ወርቅ ወሰደ። አንዱ ከባቡሩ ሐዲድ ዳር፣ ሌላው ከደጋው ከእንሰቱ ሀገር የተነሡት እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ጎዳና ላይ የተፋጠጡት በሚያዝያ 17 ቀን 1988 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ነበር፤ እስላም ጎረቤቶቻችንም የረመዳንን ጾም ለመያዝ በዝግጅት ላይ የነበሩበት ሰሞን ነው።

ሮተርዳም ሜዳው ለጥ ያለ፣ ለፈጣን ሩጫ የተመቸ ከተማ ነው። በዚያ ቀን በላይነህ 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከ2 ሰዓት ከ07 ደቂቃ በታች ማራቶንን የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሁለተኛው ማን ነበር ቢሉ ሳላህ ነው፤ በ2 ሰዓት ከ07 ደቂቃ ከ07 ሰከንድ። ቀደም ሲል ያዙልን ያልነው ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሎፔዝ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ07 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ ሳላህም የድሮውን ክብረ ወሰን በአምስት ሰከንድ ሰብሮታል። በዚያች ዕለት በላይነህ ታሞ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የአሊ ሳቢሁ ልጅ በሆነ ነበር። ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠው የተለያዩት በ17 ሰከንድ ነው፤ በእነሱ ሩጫ ሲሰላ መቶ ሜትር አይሞላም። በዓለም ታሪክ እስከዚያ ቀን ድረስ ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ ፈጣኖቹን ሁለቱን በአንድ ጧት የሮጡት አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ ጅቡቲያዊ ናቸው ማለት ነው። ይህን ለልጆቻችን ስንነግራቸው አያምኑንም።

ወሬው ሰፈራችን ሲደርስ ደስታው ምን ዓይነት እንደነበር ማስረዳት ይከብዳል። የዛን ጊዜ እዚህ የነበርነው ብዙዎቻችን ወይ ከጦርነት፣ ወይ ከብሔራዊ ውትድርና፣ ወይ ከቀይ ሽብር ዘመን ጠባሳ ሸሽተን የመጣን ነን። በሀገራችን ስም በአደባባይ ከፍ ብሎ መናገር አንደፍርም ነበር፤ በኤምባሲው በኩል ያለው አንድ ነገር ይለናል፣ በወዲህ በኩል ያለው ሌላ ነገር ይለናል። የበላይነህ ወሬ ሲመጣ ግን ለአንድ ቀን ያህል ማንም ማንንም ከየት ነህ አላለም። ከሱማሌና ከአፋር ጎረቤቶቻችን ጋርም የተነጋገርነው እንደ ተሸናፊና እንደ አሸናፊ አልነበረም። ሁለተኛ የወጣው ልጃቸው ነውና እነሱም በኩራት ነበር ሻይ የጋበዙን።

እንግዲህ የማራቶን ነገር የገባው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው በመስከረም መጨረሻ የሚደረገውን የሴኡል ኦሎምፒክ ሆነ። በላይነህና ሳላህ እንደገና ይገናኛሉ ተባለ። አልተገናኙም። የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ ሴኡል ቡድን ሳይልክ ቀረ።

ይህ ለሀገራችን አዲስ ነገር አልነበረም። በ1976 ከሞንትሪያል የቀረነው የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛዋን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ ሀገሮች አብረውን ቀርተዋል፤ ምክንያቱም ምክንያት ነበር። ምሩጽ ይፍጠር በጉልበቱ ሙሉ ዘመን አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 በሞስኮ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ እስኪያገኝ ድረስ ስንት ሰው ተብከንክኖአል። በ1984 ከሎስ አንጀለስ የቀረነው ሶቭየት ኅብረት ስለቀረች ነው። በ1988 ደግሞ ሰሜን ኮሪያ ጨዋታውን ከደቡቧ ጋር እኩል ላዘጋጅ ብላ ስላልተስማሙ ለእሷ አጋርነት ሲባል ነው። ኩባም ቀረች። የሞስኮዋ ሶቭየት ኅብረት ራሷ ግን ሄዳ ወርቋን በጆንያ ሰበሰበች። እኛ ያልገባን ነገር ይኸ ነው። ወዳጅነቱን ያመጣችው ትልቋ ሀገር ስትሄድ፣ ስሟን በሩጫ ብቻ ዓለም የሚያውቃት ሀገር ሯጮቿን ቤት አስቀመጠች። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ፣ ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ተከታትለው ያመጡት ወርቅ በ1988 የዓለም ክብረ ወሰን ያለው ሰው በእጃችን እያለ ሳይሞከር ቀረ።

የማራቶኑ ቀን ጥቅምት 2 ቀን 1988 ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም.። በሴኡል ከሰዓት በኋላ ሲሆን በእኛ ጧት ነው። ጫቱ ገና ከድሬዳዋ በኩል ስላልደረሰ ሁሉም አእምሮው ንጹሕ ነበር። እሑድ በጅቡቲ የሥራ ቀን ቢሆንም በየሱቁ ሬዲዮ ያለበት ቦታ ሰው ተሰብስቦ ነበር። በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሳላህ ዋኪዩሪን አስከትሎ ወደፊት አመለጠ። ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን ወደ ኋላ የቀረ መሰለ። ቦርዲን ግን ተመልሶ ሁለቱንም አለፋቸውና በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ዋኪዩሪ በ15 ሰከንድ፣ ሳላህ በ27 ሰከንድ ተከተሉት። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት በወርቁ ላይ የነበረ ሰው ነሐስ ይዞ ገባ። ለጅቡቲ ግን የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነበረች፤ ሰፈሩም ደስታውን ለመግለጽ ማታን አልጠበቀም።

እኛ መካከል ክርክሩ የተጀመረው በዚያው ቀን ነው። ዛሬም ሽማግሌዎቻችን ሻይ ቤት ሲቀመጡ አልፎ አልፎ ይነሣል። አንዳንዱ «በላይነህ ቢኖር ሳላህ አራተኛ ነበር፤ ነሐሱ የእኛ ባዶ ወንበር የሰጠው ነው» ይላል። እኛ ይህን አባባል አንቀበለውም። በመጀመሪያ ሳላህ በሴኡል ያገኘው ከማንም በጸጋ አይደለም፤ የጃፓኑ ናካያማ፣ የታንዛኒያው ኢካንጋ፣ የአውስትራሊያው ደ ካስቴላ ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ሁሉንም ቀድሟል። ሁለተኛ፣ ማራቶን እንደ ሚዛን ኪሎ አይደመርም። በሙቀትና በውድድር ስልት የሚሮጥ የኦሎምፒክ ሩጫ ከሮተርዳሙ ጋር አይመሳሰልም፤ የአሸናፊው ሰዓት ራሱ ከበላይነህ ክብረ ወሰን በሦስት ደቂቃ ከ42 ሰከንድ የዘገየ ነው። በላይነህ ቢኖር ወርቅ ሊያመጣ ይችል ነበር፤ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሊያቋርጥም ይችል ነበር። የተወሰደብን ሜዳልያው ሳይሆን መሞከሩ ነው። የወሰደብን ደግሞ ሳላህ አይደለም። እዚህ በእንግድነት እየኖርን የባለቤቱን ሀገር ብቸኛ ሜዳልያ በምቀኝነት ማየት ነውርም ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በላይነህ በ1989 ሮተርዳምን ለሦስተኛ ጊዜ፣ በ1990 የጃፓኑን የፉኩኦካ ማራቶን፣ በ1996 ደግሞ በ38 ዓመቱ ሮተርዳምን ለአራተኛ ጊዜ አሸነፈ። የኦሎምፒክ ሜዳልያ ግን አላገኘም። በኋላ ኑሮውን በአሜሪካ አደረገ፤ እሱም እንደ እኛ ስደተኛ ሆነ እንላለን በቀልድ።

የሳላህ ሦስተኛው ትልቅ ሜዳልያ የመጣው እኛ ከሁሉ በባሰ ችግር ላይ በነበርንበት ዓመት ነው። በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሺህ ወታደርና ቤተሰብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጅቡቲ ገባ፤ በየቤታችን ወለል ላይ የተኛውን ሰው ቁጥር እግዚአብሔር ይወቀው። በመስከረም 1 ቀን በዚያው ዓመት በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ተደረገ። ሙቀቱ የበረታ ስለነበረ ብዙ ሯጮች አቋርጠው ወጡ። ለአሊ ሳቢህ ልጅ ሙቀት ምኑ ነው? በ34 ዓመቱ ጃፓናዊውን ታኒጉቺን ብቻ አስቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የብር ሜዳልያ ወሰደ። ያን ሰሞን ወለላችን ላይ ከነበሩት የቀድሞ ወታደሮች አንዱ ወሬውን ሲሰማ «ይኼ ከበላይነህ ጋር የሮጠው ነው?» ብሎ ጠየቀን። አዎን አልነው። ከመጣ ጀምሮ የጠየቀን የመጀመሪያው ስለ እህልና ስለ ወረቀት ያልሆነ ጥያቄ ይኸ ነበር።

ሳላህ በ1992 በባርሴሎናም፣ በ1996 በአትላንታም ሀገሩን ወክሎ ሮጦአል፤ ያን ጊዜ ጉልበቱ አልፎ ነበር። የበላይነህ ክብረ ወሰን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በመስከረም 20 ቀን 1998 በበርሊን በብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በ45 ሰከንድ ተሻሻለ። በማራቶን የኦሎምፒክ ወርቅ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ2000 በሲድኒ በገዛኸኝ አበራ ነው፤ ከማሞ ወልዴ በኋላ 32 ዓመት ቆይቶ። ጅቡቲ ደግሞ እስከ 2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ያላት ሜዳልያ ያው የሴኡሉ ነሐስ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአሊ ሳቢህ ይቆማል፤ በዚያ በኩል ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ ልጆቻችን የሳላህን ስም ለጣቢያው ሰዎች ቢጠሩላቸው ወሬ አያጡም።