ሽታውና ፈውሱ፦ ነጭ ሽንኩርት በሐዲስ፣ በሕክምና መጻሕፍትና በአቃቂ ቃሊቲ ማእድ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በከተማዋ ገበያዎች የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ ባንዳፍታ አሻቀበ። መንግሥትም ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል ባላቸው ነጋዴዎች ላይ ሱቅ እስከ ማሸግ የደረሰ ርምጃ ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ መሆኑን፣ አንዳንድ ተሕዋስያንን የመግታት ባሕርይም ሊኖረው እንደሚችል፣ ከአዲሱ ቫይረስ ስለ መጠበቁ ግን ማስረጃ እንደሌለ አስታወቀ። ያን ሰሞን በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ መዋጥ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና እንደሆነ በእርግጠኝነት ሲነገር ሰምተናል። ይህ ንግግር ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት የሐዲሱን፣ የሐኪሞቹንና የአገሬውን ቃል ለይተን ማየት ይኖርብናል። በብዙዎች አንደበት ሦስቱ ተደባልቀዋልና።

በሁለቱ ሰሒሖች፣ ማለትም በአል-ቡኻሪ (በ256 ዓ.ሒ. ያረፉ) እና በሙስሊም (በ261 ዓ.ሒ. ያረፉ) ስብስቦች፣ ስለ ነጭ ሽንኩርት የተላለፈው ዘገባ ጥቂት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ በአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ቤት አርፈው ነበር። አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት የገባበት ምግብ ቀርቦላቸው ሳይነኩት መለሱት። አስተናጋጁ ደንግጦ ሐራም እንደሆነ ጠየቀ፤ ሐራም አለመሆኑን፣ ነገር ግን ሽታውን እንደማይወዱት ነገሩት። በጃቢር (ረ.ዐ) በኩል በመጣው ዘገባ ደግሞ ሌላው ሰው የማያናግረውን እርሳቸው በምስጢር እንደሚያናግሩ ገልጸው ባልደረባቸውን እንዲበላ ፈቅደውለታል። በኸይበር ዘመቻ (7 ዓ.ሒ.) የተራበው ሠራዊት ነጭ ሽንኩርት አግኝቶ አብዝቶ በላ፤ ወደ መስጂድ ሲመጡም ሽታው ተሰማ። የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ ሲነገር ሰዎች ‹‹ሐራም ተደረገ›› ብለው አወሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ሐላል ያደረገውን ሐራም የማድረግ ሥልጣን የእርሳቸው እንዳልሆነ አስረዷቸው።

እነዚህን ዘገባዎች ስናነብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። በየትኛውም ውስጥ ስለ ፈውስ አልተነሣም። የሚናገሩት ስለ ሽታ፣ በሰፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ስለሚቆም ወንድምና ስለ መላእክት ነው። ጥቁር አዝሙድ በሰሒሕ ሐዲስ መድኃኒትነቱ ተወስቷል፤ ማር በቁርኣን (16፥69) ለሰዎች ፈውስ እንዳለበት ተነግሮለታል፤ ነጭ ሽንኩርት ግን በሰሒሕ ዘገባ እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ሰባ ደዌ ይፈውሳል የሚለውን ዘገባ የሐዲስ ምሁራን ሰነዱን አድክመውታል። ቁርኣን በአል-በቀራ (2፥61) የእስራኤል ልጆች ሙሳን (ዐ.ሰ) ከጠየቁት የምድር ፍሬ መካከል ‹ፉም›ን ይጠቅሳል። አጥ-ጦበሪ (በ310 ዓ.ሒ. ያረፉ) ቃሉን ገሚሱ ስንዴ፣ ገሚሱ ነጭ ሽንኩርት ብሎ እንደተረጎመው መዝግበዋል፤ የኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ንባብም ሁለተኛውን ይደግፋል። በነገራችን ላይ የዐረብኛው ‹ሡም› የግእዙ ‹ሶመት› የቅርብ ዘመድ ነው። ሆኖም በዚያ አንቀጽ ጠያቂዎቹ የሚወቀሱት የተሻለውን ባነሰው በመለወጣቸው ስለሆነ፣ አንቀጹን የነጭ ሽንኩርት ውዳሴ አድርጎ መጥቀስ አግባብ አይመስለንም።

ታዲያ ውዳሴው የመጣው ከሐኪሞቹ ነው። ከግሪክ በወረሱት ሥርዐት የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች ነጭ ሽንኩርትን ትኩስና ደረቅ ብለው መደቡት። ኢብኑል ቀዪም አል-ጀውዚያ (በ751 ዓ.ሒ. ያረፉ) ስለ ነቢያዊ ሕክምና ባዘጋጁት ድርሰት ትኩስነቱን ከአራተኛው፣ ማለትም ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ያኖሩታል። ብርድ ለበዛበት ሰውነት፣ ለአክታ፣ ለቆየ ሳል ይበጃል ይላሉ። አንባቢ ዘወትር የሚዘለው ቀጣዩ አንቀጽ ግን ጉዳቱን ይዘረዝራል፤ ራስ ያሳምማል፣ ዐይን ያደክማል፣ ያስጠማል፣ ሐሞትን ያነሣሣል። ለአፍ ሽታው ማርከሻ የሰጡት ቅጠል ደግሞ በእኛ አገር ከቡና ስኒ የማይጠፋው ጤና አዳም ነው። በ8ኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ የተጻፈው ምክር በአቃቂ ጓሮ የበቀለውን ቅጠል መጥቀሱ ሁልጊዜ ያስገርመናል።

የአገሬውን ቃል በተመለከተ አቃቂ ጥሩ መስኮት ናት። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ በመስመሩ ላይ ነበረች፤ በኋላም ፋብሪካዎች ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ሳቡ። ኦሮሞው ‹ቁሉቢ አዲ› የሚለው፣ አማራው ነጭ ሽንኩርት የሚለው በአንድ ጉሊት ይሸጣል። ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዘን ብንሄድ ‹ቢሾፍቱ ነጭ› እና ‹ጸደይ 92› የተባሉትን ዝርያዎች ያወጣውን የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማእከል እናገኛለን። ለጉንፋን ከማር ጋር፣ ለወባ ከፌጦ ጋር መውሰድ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልማድ ነው፤ ሼኹም ደብተራውም ያዙታል። የልማዱን ዕድሜ እናከብራለን። ነገር ግን በ1958 እ.ኤ.አ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያን ጊዜም በየቤቱ ነበሩ።

ወደ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ኹጥባ እንመለስ። በኸሊፋነታቸው ማብቂያ ላይ ባሰሙት የጁሙዓ ንግግር፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሽታው የተገኘበት ሰው ከመስጂድ ወጥቶ እስከ በቂዕ ይወሰድ እንደነበር አስታውሰው፣ መብላት የፈለገ በማብሰል ሽታውን ይግደለው ብለዋል። በ1944 እ.ኤ.አ ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ ኬሚስቶች አሊሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ባክቴሪያን የሚገታውም፣ ለተፈጨ ነጭ ሽንኩርት የሚኮረኩር ሽታውን የሚሰጠውም በዋናነት እርሱ ነው። ባልተነካ ራስ ውስጥ የለም፤ ሲፈጭ ወይም ሲታኘክ በኢንዛይም አማካይነት ይፈጠራል፤ ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሽታውን የገደለ ከፈውሱም ይቀንሳል። በሐዲሶቹ ውስጥ በሚበላው ሰው ጥቅምና አጠገቡ በሚቆመው ሰው መብት መካከል የምናየው ውጥረት በተክሉ ባሕርይ ውስጥም አለ ማለት ነው፤ ሕጉ ደግሞ በጀመዓው ሰዓት ለጎረቤቱ ፈርዷል። በ2012ቱ የወረርሽኝ ወራት ብዙው ሰው በቤቱ ሲሰግድ ይህ ክርክር ለጊዜው ጋብ ብሎ ነበር።

በዘመናችን የተደረጉ ጥናቶች ነጭ ሽንኩርት የደም ግፊትንና ኮሌስትሮልን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል ያመለክታሉ። በመጠኑ የሚለው ቃል ይሰመርበት። በብዛት ሲወሰድ ደም እንዳይረጋ የማድረግ ባሕርይ ስላለው ዋርፋሪን ለሚወስድና ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው አደጋ አለው። የግፊት ክኒኑን ሱና ይበቃኛል ብሎ የተወ ሰው የተወው ለሐዲስ አይደለም፤ ሰነዱ ለደከመ ዘገባና ገሚሱ ብቻ ለተነበበ የሕክምና መጽሐፍ ነው። መታከምን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አዝዘዋል። በአቃቂ የምናውቃቸው አንዳንድ አባቶች ክኒናቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ከዒሻ ሶላት በኋላ ከእራታቸው ጋር ይበላሉ፤ ለሱብሒ ከመውጣታቸው በፊት አፋቸውን በመፋቂያ ፍቀው ጤና አዳም ያኝካሉ።