በካናቢስ ውስጥ ያሉት ቲኤችሲ እና ሲቢዲ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
በካርቱም «ባንጎ» ተብሎ የሚታወቀው ካናቢስ ካናቢኖይድ የተሰኙ ከመቶ በላይ ውህዶች አሉት። ዋነኞቹ ቲኤችሲ እና ሲቢዲ ናቸው። የኬሚካል ቀመራቸው አንድ ቢሆንም የአተሞቻቸው አደረጃጀት ይለያያል።

ቲኤችሲ በአንጎል ውስጥ ያሉ ተቀባዮችን በማነቃቃት ያሰክራል፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ፍርሃትና ቅዠትም ሊያስከትል ይችላል። ሲቢዲ ግን አያሰክርም። ከእርሱ የተሠራ መድኃኒት እአአ በ2018 በአሜሪካ ለሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል።

ሄምፕ ለቃጫና ለዘይት የሚመረት የካናቢስ ዝርያ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የቲኤችሲ መጠኑ ከ0.3 በመቶ መብለጥ የለበትም።

በደቡብ ዳርፉር ራዶም አካባቢ የሚበቅለውና በሱዳን ሕግ የተከለከለው ባንጎ ግን የሚፈለገው ለስካሩ ነው። በመሆኑም በሐኪም የሚታዘዘው ሲቢዲ የሚሰጠው ጥቅም ባንጎ ማጨስ መድኃኒት ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም።