ስም የሌለው ወርቅ፣ ስም ያለው ሒሳብ

የአሶሳ አካባቢ ሀብት ለብዙ ዘመን ወርቅ ነበር። ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ የሚወጣው ይህ ወርቅ የሱዳን ነጋዴዎችንና የግብፅ ገዢዎችን ስቧል፤ በ1813 ዓ.ም. የሱዳኗን ሴናርን የያዘው የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር ከዚያ አልፎ ወደ ፋዞግሊ ሲዘልቅ ካለማቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ወርቅ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን አካባቢውን ለዳግማዊ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ ደግሞ የአሶሳው ገዢ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ወደ አዲስ አበባ ይልኩ ጀመር።

ወርቅ የባለቤቱ ስም አልተጻፈበትም፤ የያዘው ሁሉ ባለቤት ነው። ስለዚህ ጥበቃው መደበቅ፣ ማጭበርበሩም ባዕድ ብረት መቀላቀልና ሚዛን ማዛባት ነበር። የተሰረቀ ሰው ወርቁን እንጂ ማንነቱን አያጣም።

ባንክ ይህን ለወጠው። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ሲጀምር ተጠቃሚው ጥቂት ነበር፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ግን የቁጠባ ደብተር ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ደረሰ። ደብተሩ ስም፣ ፎቶና ፊርማ፣ መጻፍ ለማይችል ደግሞ የጣት አሻራ ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ለመስረቅ ባለቤቱን መስሎ መቅረብ ያስፈልግ ነበር። ገንዘብ ከፋዩ ደንበኛውን በመልክ በሚያውቅበት ትንሽ ከተማ ይህ ቀላል አልነበረም፤ ያ ትውውቅ የትኛውም ደንብ ያልጻፈው ጠንካራ መከላከያ ነበር ማለት ይቻላል።

ቅርንጫፎች በኔትወርክ ሲተሳሰሩ መልክ ቀረና የሚስጥር ቁጥር ተተካ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ያለ ኢንተርኔትም በ*127# ስለሚሠራ ከባንክ ርቆ ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። አጭበርባሪው ግን አሶሳ ድረስ መምጣት አላስፈለገውም። «ከባንክ ነው የምንደውለው»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ብር በስህተት ተልኮብዎታል» ብሎ የሚስጥር ቁጥሩን ወይም በአጭር መልእክት የመጣውን ኮድ ከባለቤቱ አፍ ይቀበላል። ባንክ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፤ የጠየቀ ሁሉ ባንክ አይደለም። ስልኩ በድንገት ከኔትወርክ ወጥቶ የቀረበት ሰውም ሲም ካርዱ በሌላ ሰው እጅ ዳግም ወጥቶ እንደሆነ ወዲያው ቢያጣራ ይበጀዋል።

ሕጉ የተከተለው ዘግይቶ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስለ ኮምፒውተር ወንጀል ጥቂት አንቀጾች ብቻ ነበሩት። አዋጅ ቁጥር 958/2008 እነዚህን ተክቶ የሌላውን ሰው ኤሌክትሮኒክ ማንነት የሚገልጽ መረጃ ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሸጥንና ማስተላለፍን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገ፤ ገንዘቡ ባይወሰድም እንኳ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ። ፋይዳ የተባለው የዚህ መታወቂያ ምዝገባ የአሥሩንም ጣቶች አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊትን ስለሚይዝ መስሎ መቅረብን ያከብዳል፤ የሚስጥር ቁጥር ይቀየራል፣ አሻራ ግን አይቀየርም፣ ስለዚህም ማከማቻው ቢጠቃ ጉዳቱ ከባድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚይዙ ተቋማትን ግዴታ ደነገገ፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጠ። ባለቤቱ ተታልሎ በስልክ ራሱ የነገረው ኮድ ግን የማከማቻ ጉዳይ አይደለም፤ አሁንም የሚታየው በ2008ቱ አዋጅ የማጭበርበር ድንጋጌ ነው።