የዴሞክራሲ ቫውቸር

በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ የምርጫ ቅስቀሳ ወጪ በከፊል ከግብር ገንዘብ የሚሸፈንበት አሠራር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ነዋሪው እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት ቫውቸሮች ይደርሱታል፤ ለወደደው ዕጩ ይለግሳቸዋል። ግሪን ካርድ ያለውም ስለሚፈቀድለት፣ ገና ዜግነት ያላገኘና ድምፅ የማይሰጥ የከተማዋ ኢትዮጵያዊ እንኳ ዕጩ ሊደግፍበት ይችላል። ቫውቸር የሚቀበል ዕጩ በበኩሉ ለወጪ ጣሪያ ይገዛል። ገንዘቡ የሚመጣው ከንብረት ግብር ነው፤ ግብር ከፋዮች ይህን ተቃውመው ቢከሱም የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ውድቅ አደረገባቸው። ትልቁ ክፍተት ሌላ ነው፦ ከዕጩዎች ተለይተው በራሳቸው የሚያወጡ ቡድኖችን ጣሪያው አይነካም። በዚያው ዓመት አማዞን ለአንድ እንዲህ ያለ ቡድን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ፤ ቡድኑ የደገፋቸው አብዛኞቹ ዕጩዎች ግን ተሸነፉ።