ለጨረቃ ቤቶች ካርታ የሠራችው አርክቴክት

አርክቴክቸር ወይም የከተማ ፕላን ለመማር የምታስቡ ወጣቶች፣ ዛሬ የካራቺዋን ፐርዊን ረሕማንን ታሪክ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፐርዊን በ1957 ዳካ ተወለደች። ባንግላዲሽ ከፓኪስታን ስትለይ ቤተሰቧ ተፈናቅሎ ካራቺ ገባ። በአርክቴክቸር ተመርቃ ሆቴል በሚነድፍ ቢሮ ተቀጠረች፤ ብዙም ሳትቆይ ግን ሥራውን ትታ ኦራንጊ ወደሚባል ሰፈር ሄደች።

ኦራንጊ በእኛ አነጋገር የጨረቃ ቤት የሞላበት ሰፊ ሰፈር ነው። የፍሳሽ መስመር ስላልነበረው ቆሻሻው በየደጁ ይፈስ ነበር። በ1980 እዚያ ሥራ የጀመሩት አኽተር ሐሚድ ኻን ናቸው፤ በእንግሊዞች ዘመን የነበራቸውን ከፍተኛ ሹመት በፈቃዳቸው ለቀው ለጊዜው ቁልፍ ሠሪ ሆነው የኖሩ ሰው።

መንገዳቸው ቀላል ነበር። በአንድ ቅያስ ያሉ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቤቶች ተወካይ ይመርጣሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ቱቦውን ራሳቸው ይቀብራሉ። ባለሙያዎቹ ልኬቱንና የዋጋ ግምቱን ይሰጧቸዋል፤ ገንዘብ ግን አይሰጧቸውም። ዋናውን መስመር መዘርጋት የመንግሥት ድርሻ ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ የሠራውን ቱቦ ሲደፈንም ራሱ ይጠግነዋል። በዚህ መልኩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ከፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኙ።

ፐርዊን የሥራው ኃላፊ ስትሆን የሰፈሩ ልጆች ልኬትና የካርታ አሠራር እንዲማሩ አደረገች። አብረው የከተማዋን የተፈጥሮ ጎርፍ መውረጃዎች መዘገቡ። ቀጥለውም በከተማዋ ዳር ያሉትን የቆዩ መንደሮች በካርታ አሰፈሩ። መንደሩ ወረቀት ላይ ሲገኝ ነዋሪው ሕጋዊ ይዞታ የሚጠይቅበት ማስረጃ አገኘ፤ “ባዶ መሬት ነው” ብሎ መቀራመት ለመሬት ዘራፊዎች ከበዳቸው።

ማስፈራሪያ ይደርሳት ነበር፤ አላቆመችም። ማርች 13 ቀን 2013 ከቢሮዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ በጥይት ተገደለች። አላህ ይዘንላት።

በ2020 ካራቺ በከባድ ዝናብ ስትጥለቀለቅ አንዱ ትልቅ መነጋገሪያ የእነዚያው መውረጃዎች መጥበብና መደፈን ነበር።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ክረምት ሲገባ በሰፈራችሁ ጎርፍ መጀመሪያ የማን ቤት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ይህን ሙያ ስትማሩ ያንን ቤት አትርሱ። እውቀቱ አማና ነው።