ቀፋፊ ጠባይ

ቀፋፊ ጠባይ ግልጽ ዛቻ ወይም ጥቃት ሳይኖርበት ሌላውን ሰው የሚያሳቅቅና የሚያሰጋ አነጋገር፣ አተያይ ወይም አቀራረብ ነው። ዋና መለያው አሻሚነቱ ነው፦ የሚደርስበት ሰው አደጋ ይኑር አይኑር እርግጠኛ ስለማይሆን፣ ትቶ መሄዱ ነውር፣ መቆየቱም ስጋት ይሆንበታል።

ምልክቶቹ

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የኖክስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ፍራንሲስ ማክአንድሩና ሳራ ኮንኬ እ.ኤ.አ. በ2016 ለታተመ ጥናታቸው 1,341 ሰዎችን ጠይቀዋል። መላሾቹ ቀፋፊ ካሏቸው ድርጊቶች መካከል ከልክ በላይ ተጠግቶ መቆም፣ ያለቦታው መሳቅ፣ ጨዋታውን እየደጋገሙ ወደ ወሲብ መመለስና ሰው ተሰናብቶ እንዳይሄድ ወሬ ማስረዘም ይገኙባቸዋል። ሴቶች ስሜቱን ከወንዶች ይበልጥ ከወሲባዊ ስጋት ጋር አያይዘውታል።

የመጠጋት ልክ ግን እንደ ባህሉ ይለያያል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በአገሩ ሰዎች ዘንድ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያለው ርቀት ለቅርብ ወዳጅ ብቻ የሚፈቀድ መሆኑን ገልጿል። በኢትዮጵያ ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማንንም አይገርምም።

የስሜቱ ስህተት

በኖክስ ኮሌጁ ጥናት የገረጣ ቆዳ፣ ረጃጅም ጣቶች፣ የሰርከስ ቀልደኛነትና የቀብር አስፈጻሚነት ሥራም ከቀፋፊ ምልክቶች ተቆጥረዋል። እነዚህ ስለ ሰው ሐሳብ የሚናገሩት ነገር የለም። በኢትዮጵያ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤላውያንም ጭምር፣ «ቡዳ» እየተባሉ ለዘመናት መገለላቸው እንዲህ ያለ ፍርሃት ምን ያህል በደል እንደሚያስከትል ያሳያል። ስለዚህ መመዘን ያለበት ድርጊቱ እንጂ መልኩ ወይም ሙያው አይደለም።

ከትንኮሳ የሚለይበት

ለከፋ፣ መንገድ ለመንገድ መከታተልና ያለፈቃድ መንካት አሻሚነት የላቸውም፤ «ቀፋፊ» ብሎ ማለፍ ጥፋቱን ማቅለል ነው። የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ሕግ በማይደርስበት የዕለት ተዕለት ግንኙነት ደግሞ ጠቃሚው መለኪያ ከተነገረ በኋላ ያለው ምላሽ ነው። ሳያውቅ ሰው ያሳቀቀ ሲነገረው ራቅ ይላል፣ ወሬውንም ይቀይራል። እምቢታን ሰምቶ የሚቀጥል ግን አላወቀም ሊባል አይችልም፤ የተሳቀቀው ሰውም ይሉኝታ ሳይዘው ጥሎት መሄድ ይገባዋል።